በሶስ የተዘፈዘፈው የኮሪያውያን እንቁላል
ኮሪያውያን «ማያክ ጌራን» ይሉታል፤ «ማያክ» አደንዛዥ ዕፅ ማለት ሲሆን፣ ስያሜው አንዴ ከቀመሱት መተው እንደሚያዳግት ለማመልከት ብቻ ነው።

የእንቁላል ነጩ ክፍል በ62 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ መርጋት ይጀምራል፤ አስኳሉ ግን ከ65 በላይ ይሻል። ሙቀቱም ከውጭ ወደ ውስጥ ስለሚዘልቅ፣ በፈላ ውሃ ውስጥ 7 ደቂቃ የቆየ እንቁላል አስኳሉ እንደ ማር ለስላሳ ይሆናል። በአዲስ አበባ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ጥቂት ጊዜ መጨመር ያስፈልጋል። ወዲያው በረዷማ ውሃ ውስጥ ካልገባ በያዘው ሙቀት መብሰሉን ይቀጥላል።

ተልጦ በእኩል መጠን በተቀላቀለ የአኩሪ አተር ሶስና ውሃ፣ ከጥቂት ስኳር፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከቃሪያና ከሰሊጥ ጋር ማቀዝቀዣ ውስጥ ያድራል። ጨው ወደ ውስጥ ሲሰርግ ውሃ ይወጣል፤ ብዙ ቀን የቆየው የሚጠነክረው በዚህ ምክንያት ነው።

ጨው ሳልሞኔላን ይገድላል ብሎ መተማመን ግን አይገባም። ለነፍሰ ጡሮች፣ ለሕፃናትና ለአረጋውያን አስኳሉ እስኪረጋ 12 ደቂቃ ተቀቅሎ ይዘፍዘፍ፤ ሶሱ ለእሱም ያንኑ ጣዕም ይሰጠዋል።