የሥጋ ሱጎ በደጋ አገር፤ በግፊት ድስት ስለ ማብሰል የተሰጠ ትምህርት

ውኃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል ተብሎ በትምህርት ቤት የሚነገረው ቃል እውነትነቱ በባሕር ጠረፍ ለሚኖር ሰው ነው። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,850 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ስለ ሆነች፥ በዚህች ከተማ ውኃ የሚፈላው ሙቀቱ 90 ዲግሪ ያህል ሲደርስ ነው። በዳባት 91 ዲግሪ ያህል ይሆናል። በስሜን ተራራ ላይ ጨነቅ ከተባለው ስፍራ ግን 88 ዲግሪ ያህል ነው፤ በራስ ዳሸን ጫፍ ላይ ድስት የሚጥድ ሰው ቢገኝ ከ85 ዲግሪ እምብዛም የማይበልጥ ሙቀት ያገኛል። በአንጻሩ ሊማሊሞን ወርዶ ወደ ዛሪማ የሚጓዝ መንገደኛ ቍልቍል በወረደ መጠን የሚፈላው ውኃ ይበልጥ እየጋለ ይሄድለታል።

የዚህ ሁሉ ምክንያት የአየሩ መሳሳት ነው። ውኃ የሚፈላው እንፋሎቱ ከላይ የሚጫነውን አየር ለማሸነፍ በቻለ ጊዜ ነው። በደጋ የሚጫነው አየር ቀላል ስለ ሆነ ውኃው ገና ብዙ ሳይግል ያሸንፈዋል። አንድ ጊዜ መፍላት ከጀመረም በኋላ ማገዶ ቢጨመርበት ውኃው ፈጥኖ ይተናል እንጂ ሙቀቱ አንዲት ዲግሪ እንኳ አይጨምርም። በየቤቱ ለትምህርት ስንዘዋወር፥ ድስቱ ስለ ተንደቀደቀ ሥጋው በስሏል የሚል ፍርድ ደጋግመን ሰምተናል። መንደቅደቁ ስለ እሳቱ ብዛት ይመሰክራል፤ ስለ ሥጋው መብሰል ግን አይመሰክርም።

ሥጋን ጠንካራ የሚያደርገው በጡንቻው መካከል የሚገኘው ጅማትና ኮላጅን የተባለው ነገር ነው። ይህ ነገር በእርጥብ ሙቀት ውስጥ ብዙ ሲቆይ ይላላል፤ ቀስ በቀስም ጀላቲን ወደሚባለው ለስላሳና አጣባቂ ነገር ይለወጣል። ለውጡ በሙቀት መጠን የሚፈጥንና የሚዘገይ በመሆኑ የ10 ዲግሪ ጉድለት ቀላል አይደለም። በውጭ አገር ለትምህርት በቆየንበት ዘመን፥ በባሕር ጠረፍ ከተማ፥ የበሬ ወርች በሁለት ሰዓት ተኩል ሲፈራርስ አይተናል። በደባርቅ ግን ዕድሜውን በሞፈርና በቀንበር የፈጸመ በሬ ታርዶ ወርቹ ሲቀቀል፥ በዚያው ሰዓት ጅማቱ ገና እንደ ጎማ ነው። ባለቤቲቱ ማገዶ ትጨምራለች፤ ልጆች በጭሱ መካከል ሆነው ይጠብቃሉ። የጓዳ ጭስ ለሕፃናት የሳምባ ምች መንገድ ከሚጠርጉት ነገሮች አንዱ መሆኑን የጤና ሰዎች ሁሉ የተስማሙበት ነው። በመጨረሻም ወይ ማገዶው ያልቃል፥ ወይ ትዕግሥቱ። ያን ጊዜ ሥጋው መካከሉ ሳይበስል ይወጣል፤ ወይም «ከዚህ ሁሉ ድካም ለብለብ ይሻላል» ተብሎ ነገሩ በዚያው ይቀራል።

ስለ ኮሶ ትል ለአገራችን ሰው ብዙ መናገር አያስፈልግም፤ በሽታውም መድኃኒቱም በአንድ ስም መጠራታቸው ስንት ዘመን አብረውን እንደ ኖሩ ያሳያል። ትሉ በሰው አንጀት ውስጥ ሆኖ ብዙ ሜትር ይረዝማል። እንቁላሉ ከዓይነ ምድር ጋር በሜዳ ሲወድቅ፥ በሬው ከሣሩ ጋር ይውጠዋል፤ በበሬው ሥጋ ውስጥ ከአተር ፍሬ የማይበልጥ ውኃ የቋጠረ ከረጢት ሆኖ ይቀመጣል፤ ሰውም ያንን ሥጋ በጥሬው ወይም በለብለቡ ሲበላ ዙሩ ይዘጋል። የኮሶ ዛፍ በስሜን ደጋ የሚያምር ዛፍ ነው፤ አበባው ግን መጠኑ ሳይታወቅ በብዛት ሲጠጣ ዓይንን እስከ ማጥፋት የሚያደርስ ጉዳት አለው። ዛሬ በጤና ጣቢያ የሚሰጥ የታወቀ መጠን ያለው መድኃኒት ስላለ ወደ አበባው መሄድ አያስፈልግም። ከረጢቱ ግን ብርቱ አይደለም፤ የሥጋው መካከል 60 ዲግሪ ከደረሰ ይሞታል። ስለዚህ በተራ ድስትም ቢሆን እስከ መካከሉ የበሰለ ሥጋ ከኮሶ ይጠብቃል። ችግሩ እስከ መካከሉ ሳይበስል መውጣቱ ነው።

ከፍታው የወሰደብንን ሙቀት የሚመልስ ዕቃ በገበያ ፕሬሸር ኩከር ተብሎ የሚሸጠው ነው፤ እኛ በዚህ ጽሑፍ የግፊት ድስት እንለዋለን። ይህን ዕቃ መጀመሪያ የሠራው ዴኒ ፓፔን የተባለ ፈረንሳዊ ሲሆን፥ ዘመኑ በአውሮጳውያን አቆጣጠር 1679 ነበር። ፓፔን በሕክምና የተመረቀ ሰው ነው። ሐሳቡም ድሆች አጥንትን እንኳ አለስልሰው ምግብ እንዲያደርጉት ነበር፤ ድስቱ እንዳይፈነዳ በላዩ በክብደት የሚዘጋ ማስተንፈሻ አደረገለት። በጤና ጣቢያችን የሕክምና መሣሪያዎች ከተሕዋስያን የሚነጹበት አውቶክላቭ የተባለው ዕቃ የዚሁ ድስት ዘመድ ነው።

አሠራሩም እንዲህ ነው። ክዳኑ በጎማ ገጥሞ ስለሚዘጋ እንፋሎቱ መውጫ ያጣል፤ ታምቆም ውኃውን ይጫነዋል። በዚህ ጊዜ ውኃው ለመፍላት የበለጠ መጋል ግድ ይሆንበታል። አንድ ከባቢ አየር ያህል ግፊት የሚጨምር ድስት በባሕር ጠረፍ 121 ዲግሪ ያህል ይደርሳል፤ በደባርቅ 116 ዲግሪ ያህል። ከ90 ወደ 116 መውጣት ማለት ሦስት ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚፈጀውን ሥራ ወደ አንድ ሰዓት ማውረድ ማለት ነው። ሆኖም ከድስቱ ጋር የሚመጣው መጽሐፍ የተጻፈው በቆላ አገር ለሚያበስሉ ሰዎች ነው። ከ600 ሜትር ከፍታ በላይ በየ300 ሜትሩ ከመቶ አምስት እጅ ጊዜ መጨመር የተለመደ ደንብ ሲሆን፥ በዚህ ስሌት መጽሐፉ 30 ደቂቃ ያለውን በደባርቅ 41 ደቂቃ፥ በዳባት 40 ደቂቃ ማድረግ ይገባል።

ለማስተማሪያ የሥጋ ሱጎን መምረጣችን ያለ ምክንያት አይደለም። ጣልያን በ1928 ዓ.ም. ጎንደር ከገባ ጀምሮ በወልቀፊት ምሽጉ ተከቦ በመስከረም 1934 ዓ.ም. እጁን እስከ ሰጠበት ጊዜ ድረስ በዚህ አውራጃ ያደረገውን በደል አባቶቻችን አይረሱትም። የሊማሊሞን ጥምዝምዝ መንገድ ትቶልን ሄደ፤ ከመንገዱም ጋር ፓስታን፥ መኮሮኒን፥ ሳልሳን፥ ፉርኖንና ሱጎን። ወራሪውን መጥላት ተገቢ ነው፤ ከሱጎው ጋር ግን ጠብ የለንም። ዛሬ ከጎንደር እስከ ደባርቅ በመንገድ ዳር ምግብ ቤት ሁሉ ፓስታ በሥጋ ሱጎ ይጠየቃል። የሚቀርበው ግን ብዙ ጊዜ ሥጋው ያልላላ፥ ሳልሳው ብቻውን የሚጮህ ነው። በናፖሊ ሱጎ እጅግ በለዘበ እሳት ለብዙ ሰዓት እየቆየ ይበስላል፤ ናፖሊ ግን የባሕር ጠረፍ ከተማ ናት። የናፖሊ ሰዓት ሊማሊሞን አይወጣም።

ለስምንት ሰው አንድ ኪሎ የበሬ ሥጋ ይበቃል። ሽንጥና ዳቢት ለዚህ ሥራ ማባከን ነው፤ ወርች፥ ፍሪምባና የቅልጥም ሥጋ ዋጋቸውም ይቀላል፥ ጀላቲናቸውም ሱጎውን ያወፍረዋል። ቅልጥሙ ከነመቅኔው አብሮ ቢገባ ደግሞ የተሻለ ነው። ሥጋው ከአውራ ጣት ጫፍ ከፍ ባለ መጠን ይከተፋል። ድስቱ ክዳኑ ሳይገጠም ይጣድና ዘይት ይግላል፤ ሥጋው ጥቂት በጥቂት እየገባ በሁሉም ጎኑ ቡናማ እስኪሆን ይጠበሳል። ይህን ሥራ መዝለል አይገባም። የጥብስ መልክና መዓዛ የሚገኘው ከ140 ዲግሪ ገደማ በላይ በደረቅ ሙቀት ስለ ሆነ፥ ክዳኑ ከተዘጋ በኋላ ድስቱ የቱንም ያህል ቢገፋ ያንን መዓዛ ሊሰጥ አይችልም። ሥጋው ሁሉ በአንድ ጊዜ ከተጨመረ ውኃ ያወጣና ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም።

ሥጋው ወጥቶ በዚያው ዘይት ሦስት ራስ ቀይ ሽንኩርትና ሁለት ካሮት በደቃቁ ተከትፈው ይቁላላሉ፤ አምስት ፍልቃቂ ነጭ ሽንኩርት ይከተላል። ግማሽ ብርጭቆ ቀይ ወይን ጠጅ ቢገኝ ይጨመርና ከድስቱ ሥር የያዘው በእንጨት ማንኪያ ይፋቃል፤ ወይን ጠጅ ከሌለ ውኃና አንድ ማንኪያ ኮምጣጤ ይተካዋል። ሥሩን መፋቅ ለጣዕም ብቻ አይደለም፤ ተጣብቆ የቀረው ነገር ክዳኑ ከተዘጋ በኋላ ያርራል፥ እኛም አናየውም። ከዚያ ሥጋው ይመለሳል፤ ጨው፥ ቁንዶ በርበሬ፥ ጥቂት የሥጋ መጥበሻ ቅጠልና አንድ ብርጭቆ ሙቅ ውኃ ይጨመራል። ጣልያኖች ከሚያስገቡት ቅጠል ይልቅ እኛ የስሜንን ጦስኝ እንመርጣለን፤ ከየተራራው በነጻ የሚለቀም ሆኖ ሳለ ለሻይ ብቻ መዋሉ ያሳዝናል። ተከትፎ የተላጠ ስድስት ቲማቲምና ሦስት የሾርባ ማንኪያ ሳልሳ በመጨረሻ ከላይ ይደረጋሉ፤ አይማሰሉም። ሳልሳ ወፍራም ስለ ሆነ ከሥር ከተቀመጠ ያርራል። ከግፊት ድስት ውስጥ የሚወጣው እንፋሎት ጥቂት በመሆኑ በተራ ድስት የምንጨምረውን ያህል ውኃ አይፈልግም።

ክዳኑ ከመዘጋቱ አስቀድሞ ማስተንፈሻው በብርሃን አንጻር ይታያል፤ ቀዳዳው በምግብ ፍርፋሪ ተደፍኖ ከሆነ በቀጭን እንጨት ይጠረጋል። ድስቱ ከሁለት ሦስተኛ በላይ አይሞላም። ከተዘጋ በኋላ ማስተንፈሻው ማፏጨት ሲጀምር እሳቱ ይቀነሳል፤ ደቂቃውም የሚቆጠረው ከዚህ ጊዜ አንሥቶ ነው። በእንጨት እሳት የሚያበስል ሰው ጉማጁን አውጥቶ በፍሙ ብቻ ያቆየዋል፤ ከሰል፥ ቡታጋዝ ወይም የኤሌክትሪክ ምድጃ ግን ለዚህ ዕቃ የተመቹ ናቸው። ጉልቻውም የማይነቃነቅ መሆን አለበት።

አርባ ደቂቃው ሲፈጸም ድስቱ ከእሳት ይወርድና ሩብ ሰዓት ያህል በራሱ ይተነፍሳል። ቸኵሎ በጉልበት መክፈት ታላቅ አደጋ ነው፤ የታመቀው ሱጎ ፊትና ደረት ላይ ይረጫል፥ እንደ ውኃም ስላልቀጠነ ከገላ ላይ ፈጥኖ አይወርድም። ማስተንፈሻው ሲነካ ድምፅ ከሰጠ ገና ነው፤ ክዳኑም ያለ ትግል ካልዞረ ገና ነው። ልጆች ከጓዳ ይውጡ። ሰው የተቃጠለ እንደ ሆነ ቃጠሎው በሚፈስስ ቀዝቃዛ ንጹሕ ውኃ ለ20 ደቂቃ ይቀዝቅዝ፤ ቅቤ፥ የጥርስ ሳሙናም ሆነ ጭቃ አይቀባ፤ ሰፊ ከሆነ ወይም ፊት ከነካ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

ክዳኑ ሲከፈት ሱጎው ቀጥኖ ይታያል፤ ያለ ክዳን በለዘበ እሳት አሥር ደቂቃ ያህል ሲንተከተክ ይወፍራል፥ በሶብላም በዚህ ጊዜ ይነሰነሳል። ፓስታውን በተራ ድስት የሚቀቅል ሰው በማሸጊያው ላይ የታተመው ደቂቃ የቆላ ደቂቃ መሆኑን አስቦ ጥቂት ይጨምርበት፤ ፍርዱንም ለሰዓቱ ሳይሆን ለጥርሱ ይስጥ።

ይህ ድስት የማይችለውም አለ። ታምሞ የሞተ ከብት ሥጋ፥ ይልቁንም አባ ሰንጋ የተጠረጠረበት፥ በምንም ድስት ሊታመን አይገባም፤ መግፈፉና መክተፉ ራሱ በሽታውን ያስተላልፋል። እንዲህ ያለው ከብት ሳይገፈፍ ለእንስሳት ሕክምና ሠራተኛ ይነገርበት፥ በጥልቅም ይቀበር።

ሌላው የተረፈ ሱጎ ጉዳይ ነው። በሥጋ ውስጥ የሚገኙ አንዳንድ ተሕዋስያን ዘር የሚመስል ጠንካራ ቅርፊት ለብሰው መፍላትን ይችላሉ። ሱጎው ለብ ባለ ጊዜ ከቅርፊታቸው ወጥተው ይራባሉ፤ በማግሥቱም የሆድ ቁርጠትና ተቅማጥ ያመጣሉ። በደባርቅ 116 ዲግሪ የሚደርሰው ድስት እነዚህን ሁሉ ያጠፋል ብሎ መተማመን አይቻልም፤ ክዳኑም አንዴ ከተከፈተ አዲስ ተሕዋስያን ይገባሉ። የደጋው ሌሊት ብርድ ስለ ሆነ አይበላሽም የሚለው አስተያየት አያዋጣም፤ በትልቅ ድስት ውስጥ ያለ ወፍራም ሱጎ ከውጭ ቢበርድም መካከሉ እስከ እኩለ ሌሊት ለብ ብሎ ይቆያል። ስለዚህ የተረፈው ወዲያው ጠፍጣፋ በሆኑ ሳሕኖች ተከፋፍሎ፥ ቀዝቅዞ፥ ተከድኖ ማቀዝቀዣ ይግባ። ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት በዕለቱ የሚያልቀውን ያህል ብቻ መሥራት ይሻላል፤ ጎረቤትም አለ።

የክዳኑ ጎማ ከየሥራው በኋላ ወጥቶ በሙቅ ውኃና በሳሙና ይታጠብ፤ ደርቆ ሲሰነጠቅ ይለወጥ። በጾም ቀናት ይኸው ድስት ለባቄላና ለአተር ያገለግላል፤ ጥራጥሬ አረፋ ስለሚያወጣና ማስተንፈሻውን ስለሚደፍን ግን ከግማሽ በላይ አይሞላ።