ግራን ሳሶን ደረጃ በደረጃ፦ ከላኲላ ከተማ እስከ ኮርኖ ግራንዴ ጫፍ

የአብሩዞን ተራሮች በወጉ ለማየት ቢያንስ ሦስት ሌሊት ያስፈልጋል። ከሮም እስከ ላኲላ ያለው መንገድ በአውራ ጎዳና ሁለት ሰዓት ስለማይሞላ ብዙ ሰው ጠዋት ወጥቶ ማታ ይመለሳል፤ በኬብል ካር ሽቅብ ይወጣል፣ ፎቶ ያነሣል፣ ይወርዳል። እንዲህ ደርሶ የተመለሰ ሰው ተራራውን አየ ለማለት ይከብደኛል። ከአፔኒን ተራሮች ሁሉ ከፍተኛው የሆነው ግራን ሳሶ ከግርጌው እስከ ትከሻው ሰው የኖረበት ነው። ከተማውም፣ ምሽጉም፣ የእረኛው መንገድም በየከፍታቸው ተደርድረዋል። ስለዚህ ከታች ጀምራችሁ በየቀኑ አንድ እርከን ከፍ በሉ። ከዚህ የሚከተለው ቅደም ተከተል አውሮፓ ለሚኖሩም ሆነ ከአዲስ አበባ በቀጥታ በረራ ሮም ለሚገቡ ያገለግላል። ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ደረጃ 1፦ ወሩን ምረጡ

ከጁን መጨረሻ እስከ ሴፕቴምበር መጨረሻ ያለው ጊዜ ይመረጣል። በክረምታቸው ካምፖ ኢምፔራቶሬ ወደሚባለው የተራራው ሜዳ የሚወስደው የመኪና መንገድ በበረዶ ይዘጋል፤ የሚከፈተውም በጋው ሲቃረብ ነው። የኦገስት አጋማሽ የጣሊያኖች ትልቅ የእረፍት ጊዜ በመሆኑ መኪና ማቆሚያ እንኳ ይጠፋል። ምርጫው ለእኔ ቢተው የሴፕቴምበርን መጀመሪያ እመርጣለሁ፤ ሰው ይቀንሳል፣ የከሰዓቱም ነጎድጓድ ጋብ ይላል። በኦገስት መሄድ ግድ ከሆነ ግን 28ኛውን ቀን ላኲላ ውስጥ ዋሉ፤ ምክንያቱን ደረጃ 3 ላይ ታገኙታላችሁ።

ደረጃ 2፦ መኪና ወይስ አውቶቡስ

ከሮም ቲቡርቲና ጣቢያ ወደ ላኲላ አውቶቡስ ቀኑን ሙሉ አለ። ለከተማው ብቻ ከሆነ ይህ ይበቃል። መንደሮቹንና ሜዳውን ለማየት ግን መኪና መከራየት ይሻላል፤ አራት ሰው ከተጋራው ወጪው አይከብድም። የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ የያዘ ሰው ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ አብሮ ማውጣት እንዳለበት አይርሳ። በጣሊያን የድሮ ከተሞች መሐል ደግሞ ካሜራ የሚጠብቃቸው የተከለከሉ መንገዶች ስላሉ መኪናችሁን ከግንቡ ውጭ አቁማችሁ በእግር ግቡ፤ ቅጣቱ ከወራት በኋላ በፖስታ ቤት ድረስ ይመጣል።

ደረጃ 3፦ አንድ ሙሉ ቀን ለላኲላ

ላኲላ ከባሕር ወለል በላይ 700 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ኤፕሪል 6 ቀን 2009 ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል ገደማ በደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ 309 ሰዎች ሞተው፣ መሐል ከተማው ለዓመታት ባዶውን ቀርቶ ነበር። ዛሬ ስትገቡ የምታዩት አብዛኛው ግንብ ድንጋይ በድንጋይ የተጠገነ ነው። ከተማዋ ለ2026 የጣሊያን የባህል መዲና ሆና መመረጧ የዚህ ድካም ፍሬ ነው ብዬ አምናለሁ።

መጀመሪያ ወደ ሳንታ ማሪያ ዲ ኮሌማጆ ሂዱ። ነጭና ቀይ ድንጋይ የተፈራረቀበት የፊት ግንቡ የጥልፍ ያህል የተዋበ ስለሆነ በማለዳ ብርሃን እዩት። ቤተ ክርስቲያኑን በ1287 ማሠራት የጀመሩት ፒዬትሮ ዳ ሞሮኔ ናቸው። እኒህ ሰው በተራራ ዋሻ የሚኖሩ ባሕታዊ ነበሩ። በ1294 የሮም ካርዲናሎች ለሁለት ዓመት ያህል መስማማት ስላቃታቸው ሽማግሌውን ከበዓታቸው አውጥተው ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት አደረጓቸው፤ ቼለስቲኖ አምስተኛ ተባሉ። ዘውዱን የጫኑት እዚሁ ኮሌማጆ፣ ኦገስት 29 ቀን ነበር። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ በገዛ ፈቃዳቸው ሥልጣኑን ለቀቁ። ተከታያቸው ግን ወደ በዓታቸው እንዲመለሱ አልፈቀዱላቸውም፤ በ1296 በእስር ላይ እንዳሉ ዐረፉ። የገዳም ታሪክ ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ አንባቢ የእኒህ ሰው ነገር ባዕድ አይሆንበትም።

ቼለስቲኖ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ከኦገስት 28 ማታ እስከ 29 ማታ፣ ንስሐ ገብቶ በዚህ በር ለሚያልፍ ሁሉ ያለ ገንዘብ ምሕረት እንዲሰጥ ደነገጉ። በዓሉ ፔርዶናንሳ ይባላል፤ ቅዱሱ በር በወይራ ዝንጣፊ ተመትቶ ይከፈታል። ዩኔስኮ በ2019 በማይዳሰሱ ቅርሶች ዝርዝር አስገብቶታል። በ2009 የቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ በከፊል ወድቆ የቼለስቲኖ አጽም ከፍርስራሹ መሐል ነው የወጣው፤ ሕንፃው ታድሶ የተከፈተው በ2017 መጨረሻ ነው።

ከሰዓት በ1272 ወደተጀመረው የ99ኙ ቧንቧዎች ምንጭ ውረዱ። በሦስት ግድግዳ ላይ ከተደረደሩ የድንጋይ ፊቶች ውኃ ይወርዳል። ጉልበት ከተረፋችሁ ስፔኖች በ1534 ማነጽ የጀመሩትን ምሽግ ዙሩት።

ደረጃ 4፦ ሮካ ካላሾና ሳንቶ ስቴፋኖ

በሁለተኛው ቀን ጠዋት ወደ ሳንቶ ስቴፋኖ ዲ ሴሳኒዮ ንዱ። ከፍታው 1,250 ሜትር ነው። የፍሎረንስ ሜዲቺዎች ይህችን ትንሽ መንደር ከ1579 ጀምሮ ከመቶ ዓመት በላይ የያዟት ለሱፉ ንግድ ሲሉ ነው፤ አርማቸው እስካሁን በበሩ ላይ ተቀርጾ ይታያል። በ2009 የወደቀው ክብ ማማዋ ዳግም ተሠርቷል።

ከመንደሩ ተነሥታችሁ በእግር ወደ ሮካ ካላሾ ውጡ፤ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል። በመኪና ከታችኛው የካላሾ መንደር መነሣትም ይቻላል፤ በበጋና በበዓል ቀን ግን የላይኛው መንገድ ለግል መኪና ሊዘጋ ስለሚችል በእግር ለመውጣት ተዘጋጁ። ምሽጉ 1,460 ሜትር ላይ፣ በገደል አፋፍ ተተክሏል። መጀመሪያ የጥበቃ ማማ ብቻ ነበር፤ አራቱ ክብ ማማዎች በ15ኛው ክፍለ ዘመን ተጨመሩበት። ከዚህ ጥበቃ ቆሞ የሸለቆውን መንገድ ሁሉ መቆጣጠር ይቻል ነበር። በ1703 የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ምሽጉንም ከሥሩ የነበረውንም መንደር አፈረሰ። ትንሽ ወረድ ብሎ ብቻውን የቆመው ባለ ስምንት ማዕዘን ቤተ ክርስቲያን ሳንታ ማሪያ ዴላ ፒዬታ ነው። ጊዜያችሁ አንድ ቀን ብቻ ከሆነ ሌላውን ሁሉ ትታችሁ እዚህ ኑ፤ በዚህ ምክሬ አላመነታም።

ምሳ ሳንቶ ስቴፋኖ ተመልሳችሁ ብሉ። መንደሩ የታወቀበት ምግብ ጠይም፣ ደቃቅ ምስር ነው፤ በዚህ ከፍታ ያለ ማዳበሪያ ይበቅላል። ጉዟችሁ በፍልሰታ ጾም ከዋለ ይህ ትልቅ ዕድል ነው፤ በአሳማ ስብ እንዳልተሠራ ግን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ደረጃ 5፦ ወደ ሜዳው ውጡ

ከሳንቶ ስቴፋኖ ወደ ላይ የሚቀጥለው መንገድ ካምፖ ኢምፔራቶሬ ላይ ይጥላችኋል። 27 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም፣ ዛፍ የሌለው የግጦሽ ሜዳ ነው፤ ጣሊያኖች ትንሿ ቲቤት ይሉታል። የደጋ ሰው እዚህ ሲደርስ ሰውነቱ ይፈታል። እረኞች ለዘመናት በመጸው በጎቻቸውን ከዚህ አውርደው ላኲላን ከፎጃ በሚያገናኘው 244 ኪሎ ሜትር የከብት መንገድ ወደ ቆላው ፑሊያ ይነዱ ነበር። ዛሬ በጎቹ ጥቂት ናቸው፤ ይህ የእረኞች ጉዞ ግን በ2019 በዩኔስኮ ተመዝግቧል።

ፎንቴ ቬቲካ ከሚባለው ቦታ ከሥጋ ቤቱ አሮስቲቺኒ ትገዛላችሁ፤ በቀጭን እንጨት የተሰካ የበግ ሥጋ ነው። ውጭ በተደረደሩት ምድጃዎች ላይ ራሳችሁ ትጠብሳላችሁ።

አንድ ማስጠንቀቂያ እዚህ አለ። መንጋዎቹን የሚጠብቁት ነጫጭ ትልልቅ ውሾች ያለ እረኛም ይሠራሉ። መንጋ ካያችሁ ራቅ ብላችሁ ዙሩ። ውሻው ቢመጣ አትሩጡ፤ እንደ አገራችን ልማድ ጎንበስ ብላችሁ ድንጋይ አታንሡ። ቁሙ፣ ከዚያ ዓይኑን ሳታፈጡበት ቀስ ብላችሁ ወደ መጣችሁበት ተመለሱ።

ደረጃ 6፦ ሆቴሉ ፊት ቁሙ

በሜዳው ምዕራባዊ ዳር፣ 2,130 ሜትር ላይ፣ በ1930ዎቹ የተሠራ ሆቴል አለ። ከፎንቴ ቼሬቶ የሚነሣው ኬብል ካርም የሚያደርሰው እዚሁ ነው፤ ለጥገና የሚቆምበት ጊዜ ስላለ አስቀድማችሁ አጣሩ። አገራችንን በ1928 ዓ.ም. ያስወረረው ሙሶሊኒ በጁላይ 1943 ከሥልጣን ከወረደ በኋላ የታሰረው እዚህ ነበር። ሴፕቴምበር 12 ቀን የጀርመን ወታደሮች ሞተር በሌላቸው አውሮፕላኖች ከሆቴሉ አጠገብ አርፈው፣ እዚያ አንድም ጥይት ሳይተኩሱ በትንሽ አውሮፕላን ይዘውት ሄዱ። ቀኑ በእኛ አቆጣጠር መስከረም 1 ቀን 1936 ዓ.ም.፣ እንቁጣጣሽ ነበር። አዲስ አበባ ነፃ ከወጣች ሁለት ዓመት አልፏት ነበር። ጎብኚው ሁሉ ስለ አውሮፕላኖቹ ብቻ ያወራል፤ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ከሄዳችሁ ግን ሰውየው ለምን እንደወደቀ፣ በየትኛው ጦርነት ታሪኩ ከእኛ ጋር እንደሚገናኝ እዚያው ቆማችሁ ንገሯቸው።

ደረጃ 7፦ ጫፉን ሞክሩ፣ ወይም መጠለያው ይብቃችሁ

ከሆቴሉ ጀርባ የሚነሣ የእግር መንገድ በአንድ ሰዓት ገደማ ወደ ዱካ ዴሊ አብሩዚ መጠለያ ያደርሳል፤ ከፍታው 2,388 ሜትር ስለሆነ ከአዲስ አበባ ብዙም አይርቅም። መጠለያው ስሙን ያገኘው በ1928 እና 1929 የዋቢ ሸበሌን ወንዝ እስከ ምንጩ ካጠናው መስፍን ነው። ልጅ ላላችሁና ጉልበታችሁ ለሚያማችሁ ከዚህ ማለፍ አያስፈልግም።

ወደ ኮርኖ ግራንዴ ምዕራባዊ ጫፍ፣ 2,912 ሜትር፣ ለመውጣት ሦስት ሰዓት ያህል ያስፈልጋል። መንገዱ በቀይና ነጭ ቀለም ምልክት ተደርጎበታል፤ የመጨረሻው ክፍል ኮረትና ቋጥኝ ስለሆነ እጅም ይጠይቃል። የቦሎኛው ፍራንቼስኮ ዴ ማርኪ ይህን ጫፍ የወጣው በ1573 ነው። ከጧቱ 12 ሰዓት ተነሡ፤ ወፍራም ሶል ያለው ጫማ፣ ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ሊትር ውኃና የነፋስ ጃኬት ያዙ። በመንገዱ ላይ ውኃ የለም። ከባሕረ ሰላጤው አገሮች የምትመጡ ደግሞ መጀመሪያ አንድ ሌሊት ሳንቶ ስቴፋኖ አድራችሁ ሳንባችሁን አለማምዱ። ደመናው ከቀትር በፊት ጫፉን ከሸፈነ፣ ግማሽ ሰዓት ብቻ ቢቀራችሁም ተመለሱ። ወዴት እንደምትሄዱና መቼ እንደምትመለሱ ላደራችሁበት ቤት ተናገሩ። የድንገተኛ አደጋ ስልኩ 112 ነው።