በመጽሐፍ በኩል የሚመጣ ናፍቆት

አንድ ልጅ ስለሚናገር አውሬ ወይም ወደ ከዋክብት ስለሚጓዝ መንኮራኩር ካነበበ በኋላ ሰማይ ሰማይ እያየ ሲቀመጥ ብዙ ወላጅ ይሰጋል። «ይህ ውሸት አይደለም ወይ? ከእምነቱስ አያርቀውም?» ይላል። ጥያቄው ተገቢ ነውና ቀስ ብለን እንመርምረው።

አስቀድመን ቅዱስ መጽሐፍን እንጠይቅ። በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 9 ኢዮአታም በገሪዛን ተራራ ራስ ላይ ቆሞ ለሴኬም ሰዎች ሲናገር፣ ዛፎች የሚያነግሡትን ፍለጋ እንደ ወጡ አድርጎ ነገራቸው። ወይራው፣ በለሱና ወይኑ እንቢ አሉ፤ እሺ ያለው እሾሃሙ ቁጥቋጦ ነው። ዛፍ እንደማይናገር ተናጋሪውም ሰሚውም ያውቃል። ማንም አልተታለለም፤ የሴኬም ሰዎች ስላነገሡት ስለ አቤሜሌክ ግን እውነቱ ተነገረ። ስለዚህ ሰሚው ፈጠራ መሆኑን እያወቀ የሚሰማው ታሪክና ለማሳሳት የተነገረ ሐሰት አንድ አይደሉም።

ምናብ ራሱ ከየት መጣ? ሰው በእግዚአብሔር አርአያ ተፈጥሯል። እግዚአብሔር ካለመኖር ወደ መኖር ያመጣል፤ ሰው ግን የተፈጠረውን እያዋሐደ ይሠራል፦ የወፍን ክንፍ ለፈረስ ይሰጣል። ደራሲው ቶልኪን እ.ኤ.አ. በ1939 በስኮትላንድ በሴንት አንድሩስ ዩኒቨርሲቲ ስለ ተረት ሲያስተምር፣ ይህን ሥራ ከፈጣሪ በታች የሆነ፣ በአምሳሉ ስለተፈጠርን የተገባን አድርጎ አስረድቷል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ናፍቆቱ እንግባ። በ1898 በቤልፋስት የተወለደው ደራሲ ሲ ኤስ ሉዊስ ገና ሕፃን ሳለ የቢያትሪክስ ፖተርን «ስኩዊረል ነትኪን» አነበበ። በመጽሐፉ ውስጥ ያለው ቅጠል የሚረግፍበት ወቅት ስም ያላገኘለትን ናፍቆት ቀሰቀሰበት። በ9 ዓመቱ እናቱ ሞተችበት፤ በጉርምስናውም እምነቱን ተወ። በ1916 ግን በሌዘርሄድ ባቡር ጣቢያ የጆርጅ ማክዶናልድን «ፋንታስቲስ» ገዛ። ማክዶናልድ ስኮትላንዳዊ ሰባኪ ነበር። ሉዊስ በዚያ ንባብ ምናቡ እንደ ተጠመቀ በኋላ መስክሯል። ምናቡ ብቻ ነው እንጂ እርሱ ራሱ ክርስቶስን ያመነው ገና በ1931 ነው። አሥራ አምስት ዓመት! መጽሐፉ አላዳነውም፤ ልቡን ግን ክፍት አድርጎ አቆየው። ይህን ልዩነት አጥብቃችሁ ያዙ፤ ብዙ ስሕተት የሚመጣው ከዚህ ነውና።

ሉዊስ በ1941 በኦክስፎርድ ሲሰብክ ያስተማረው ይህንኑ ነው። ውበቱ ያለው በመጽሐፉ ውስጥ ነው ብለን ብንታመንበት መጽሐፉ ይከዳናል፤ ውበቱ በእርሱ በኩል መጣ እንጂ ከእርሱ አልመነጨም። ቧንቧን ምንጭ ያደረገ ሰው ቧንቧው ሲደርቅ ይጠማል። ቅዱስ ጳውሎስ በሮሜ 1፥25 የሚወቅሰውም ፍጥረትን በፈጣሪ ቦታ ማስቀመጥን ነው። በአንድ ልብ ወለድ ዓለም ውስጥ ተደብቆ ከጸሎትም ከባልንጀራም የሚሸሽ ልጅ ካለ፣ ሥጋታችሁ በዚህ ላይ ይሁን።

የሳይንስ ልቦለድም ከዚህ አይለይም። ሉዊስ በ1938 ባሳተመው የጠፈር ታሪክ ራንሰም የተባለው ሰው ወደ ማርስ ሲወሰድ ጠፈር ቀዝቃዛና ሙት ባዶነት ነው ብሎ ጠብቆ ነበር፤ ያገኘው ግን ብርሃንና ሕይወት የሞላበትን ስፍራ ነው። ልጃችሁ እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ጨርሶ ሲያስብ ስታገኙት አትገሥጹት። ምን እንደናፈቀ ጠይቁት፤ ቀጥላችሁም ሰማያት ስለ ፈጣሪያቸው የሚናገሩበትን የዳዊት መዝሙር አብራችሁት አንብቡ።