ሙቀት ለሚችል አስፋልት፦ ለወጣቱ የመንገድ መሐንዲስ

ልጄ ሆይ፣ ከአዋሽ በሚሌና በጋላፊ አድርጎ ጅቡቲ የሚደርሰው መንገድ የአገራችን ዕቃ ዋና መግቢያና መውጫ ነው። በአፋር በረሃ የአስፋልቱ ገጽ ከ60 ዲግሪ ሴልሲየስ በላይ ሊግል ይችላል። እንዲህ ባለ ስፍራ የምትሠራ ከሆነ ይህን ምክሬን ያዝ።

1. ጉዳቱን ለይ። ሙቀት ሬንጁን ሲያለሰልሰው የከባድ መኪና ጎማ መንገዱ ላይ ቦይ ያወጣል፤ ዝናብ ሲጥል ቦዩ ውሃ ይይዛል፣ መኪናም ያንሸራትታል። በሌላ በኩል ሬንጁ ከአየር ጋር እየተዋሐደ በዓመታት ይደርቅና ይሰነጠቃል። ለአንዱ የሚበጀው ለሌላው ላይበጅ ይችላል።

2. ደረጃውን በቦታው ሙቀት ምረጥ። 64፣ 70፣ 76 የሚሉት የሬንጅ ደረጃዎች ሬንጁ የሚችለውን የመንገድ ሙቀት በዲግሪ ሴልሲየስ ያመለክታሉ። ጭነት መኪና በዝግታ በሚወጣው ዳገትና በሚቆምበት ኬላ ከፍ ያለውን ውሰድ፤ ጭነቱ እዚያ ይቆያልና።

3. ፖሊመርን በሥርዓት ያዝ። ኤስቢኤስ የሚባለው ፖሊመር አብዛኛውን ጊዜ ከሬንጁ ክብደት ከ3 እስከ 5 በመቶ ይገባል። በሬንጁ ውስጥ የሚለጠጥ መረብ ስለሚሠራ ጎማ የተጫነው አስፋልት መልሶ ይነሣል። ነገር ግን ከልክ በላይ ከጋለ ይበላሻል፤ በታንከር ውስጥ ከቆየም ከሬንጁ ሊለይ ይችላል። ስለዚህ ከላይና ከታች ናሙና ወስደህ የሚለሰልሱበትን ሙቀት አስተያይ።

4. ያረጀ ጎማንና ኖራን አትናቅ። የተፈጨ ጎማ ሬንጁን ያወፍረዋል፣ የመለጠጥ ኃይልም ይሰጠዋል፤ እንዳይዘቅጥ ግን ሳያቋርጡ ማማሰል ያስፈልጋል። በውሃ የበረደ ኖራ ደግሞ ከጠጠሩ ክብደት ከ1 እስከ 2 በመቶ ቢገባ ሬንጁን ከድንጋዩ ጋር ያጣብቃል፣ እርጅናውንም ያዘገያል።

5. የሻጭ ወረቀት አይብቃህ። የምትጠቀምበትን ሬንጅ ራሱን ከጨማሪው፣ ማለትም ከፖሊመሩ ወይም ከጎማው ጋር ቀላቅለህ፣ በምድጃ አስረጅተህ ፈትን። በአንዱ ሬንጅ የሠመረ ጨማሪ በሌላው ላይሠምር ይችላል።

6. የጠጠሩንና የሬንጁን ቅይጥ አስቀድም። ሸክሙን የሚችለው እርስ በርሱ የተቆላለፈ፣ ማዕዘን ያለው የተፈጨ ጠጠር ነው። ሬንጅ የበዛበትን ወይም በደንብ ያልተዳመጠን አስፋልት ምንም ጨማሪ አያድነውም።

7. ወጪውን በዕድሜው አስላ። ጨማሪው ዛሬ ዋጋ ያስወድዳል፤ መንገዱ ቦይ አውጥቶ ተቆርጦ ሲነጠፍ ግን ወጪው ይብሳል። ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

ልጄ፣ ቢያስቸኩሉህም ፈተናውን ያላለፈ ሬንጅ እንዲነጠፍ አትፈርም። በዚያ መንገድ የሚያልፈው ሹፌር የሚተማመነው በአንተ ፊርማ ነው።