የአምባዛ ፒቱታሪ ዕጢና የእርባታ መርፌ

ለልማት ጣቢያ ሠራተኞችና ለዓሣ አምራች ኅብረት ሥራ ማኅበራት

1. ችግሩ

በደቡብ ወሎ ከሐይቅ ከተማ አጠገብ ባለው ሐይቅ ከሚሰገሩት ዓሦች ዋና ዋናዎቹ ቆሮሶና አምባዛ ናቸው። ቆሮሶ በኩሬ ውስጥ ያለ ሰው እርዳታ ይራባል። አምባዛ ግን በተፈጥሮ የሚራባው ክረምት ሲገባና የውሃው ዳርቻ በጎርፍ ሲጥለቀለቅ ነው። በኩሬ የምትኖር አምባዛ ሆዷ በእንቁላል ቢሞላም እንቁላሉን አትጥልም። ስለዚህ ጫጩት ለማግኘት መርፌ ያስፈልጋል። መርፌው ያለ ዕውቀት ከተወጋ ግን ማኅበሩ እናቲቱንም እንቁላሉንም ሊያጣ ይችላል።

2. የዕጢው ሥራ

ፒቱታሪ ከአንጎል ሥር የሚገኝ ትንሽና ነጣ ያለ ዕጢ ነው። ሕዋሳቱ የመራቢያ ሆርሞን አዘጋጅተው ያከማቻሉ። በብዛት የሚለቁት ግን ከአንጎል ትእዛዝ ሲደርሳቸው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1976 ኔር እና ዛክማን የተባሉ ጀርመናውያን ተመራማሪዎች ጫፉ ከፀጉር በቀጠነ የመስታወት ቱቦ በሕዋስ ገለፈት በኩል የሚያልፈውን አነስተኛ የኤሌክትሪክ ፍሰት ለመለካት ቻሉ። በ1991ም የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። ዘዴው በዓሦች ፒቱታሪ ላይ ሲሠራበት የሚከተለው ታይቷል። የአንጎል መልእክት ሲደርስ የሕዋሱ የኤሌክትሪክ ምት ይጨምራል፤ ካልሲየም ወደ ውስጥ ይገባል፤ ሆርሞኑም ወደ ደም ይለቀቃል። ዶፓሚን የተባለው ሌላው የአንጎል ቅመም ደግሞ ይህን ሥራ ይገታል። እንግዲህ የኩሬዋ አምባዛ የጎደላት ዕጢው ሳይሆን ትእዛዙ ነው።

3. ሁለቱ የመርፌ ዓይነቶች

ሀ/ የዕጢ ጭማቂ። ከ1930ዎቹ ጀምሮ በብራዚል የተሠራበት ነው። ሆርሞኑን ራሱን ስለሚሰጥ የዓሣዋን ዕጢ መቀስቀስ አያስፈልገውም።

ለ/ ሰው ሠራሽ መልእክት። የዓሣዋን ዕጢ ራሱን ይቀሰቅሳል። በአምባዛ ላይ ዶፓሚንን ከሚያግድ መድኃኒት ጋር ይሰጣል።

ሁለቱም ቢሆኑ ያልደረሰ እንቁላልን አያደርሱም።

4. አሠራር

• ሆዷ ሞላ ያለና ለስላሳ የሆነች፣ ቀስ ብለው ሲጫኗት መጠናቸው እኩል የሆነ እንቁላሎች የምትሰጥ እንስት ይመረጣል።

• ለምግብ የታረደ የደረሰ አምባዛ ጭንቅላት አይጣል። ዕጢው በላንቃው በኩል ተከፍቶ ይወጣል። ለጋሹ ዓሣ ከምትወጋዋ እንስት ጋር በክብደት የተመጣጠነ ይሁን።

• ዕጢው በንጹሕ ሙቀጫ ተፈጭቶ በአንድ ሊትር 9 ግራም ጨው ካለበት ንጹሕ ውሃ በጥቂቱ ተወስዶ ይበጠበጣል፤ ከዚያም በጀርባዋ ሥጋ ይወጋል።

• የወንዱ ዘር ሆድን በመጫን ስለማይገኝ ወንዱ ይታረዳል። እንስቲቱ መድረሷ ሳይረጋገጥ ወንድ ማረድ ኪሣራ ነው።

5. ሰዓት መጠበቅ

ከመርፌው በኋላ እንቁላሉ የሚጨመቅበት ጊዜ በውሃው ሙቀት ይወሰናል። በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 11 ሰዓት፣ በ20 ዲግሪ 21 ሰዓት ያህል ይፈጃል። ደሴ 2,500፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው። ስለዚህ በኮምቦልቻ የተሠራበትን ሰዓት ለሆጤ ቀዝቃዛ ውሃ እንዳለ መውሰድ አይገባም። ቀድሞ የተጨመቀ እንቁላል አይወጣም፤ የዘገየውም በደንብ አይፈለፈልም። ማኅበራት መርፌ ከመግዛታቸው በፊት ቴርሞሜትር እንዲገዙ እንመክራለን።