ቀለም ከመቀባት አስቀድሞ

ልጆች ሆይ፤ የተቀመጣችሁበትን አግዳሚ ወንበር በእጃችሁ ዳስሱት። ለስላሳ ነውን፥ ወይስ ሻካራ? ለስላሳ ከሆነ ሳታዩት የደከመላችሁ ሰው አለ። ሻካራ ከሆነ ግን ስንጥር እጃችሁን እንዳይወጋው ተጠንቀቁ። ዛሬ የምናነበው፥ እንጨት ቀለም ከመቀባቱ አስቀድሞ ስለሚደረግለት ሥራ ነው።

በሰሜን አገር፥ በደባርቅና በዳባት፥ በመካነ ብርሃንም፥ አናጺ የሚሠራበት እንጨት ልዩ ልዩ ነው። ከወይና ደጋው ዋንዛ፥ ከደጋው ኮሶና ጽድ፥ ከየመንደሩም ባሕር ዛፍ ይገኛል። ዋንዛ ለመላጊያ ይታዘዛል፤ ባሕር ዛፍ ግን ሲደርቅ መሰንጠቅና መጣመም ይወዳል። ጠባያቸው ቢለያይም ሁሉም በአንድ ነገር ይተባበራሉ፤ ርጥብ ሳሉ ቀለምን አጥብቀው አይዙም። እንጨት በክረምት ርጥበት ስቦ ያብጣል፤ በበጋም ደርቆ ይኰማተራል። ርጥብ ሳንቃ የቀባ ሰው፥ ውኃው መውጫ ሲፈልግ ቀለሙን እየገፋ ሲልጠው ያያል። ስለዚህ ብልህ አናጺ በሳንቃውና በሳንቃው መካከል ቀጫጭን እንጨት እያስገባ በጥላ ይደረድረዋል፤ ነፋስም በመካከሉ እየገባ ቀስ በቀስ ያደርቀዋል።

እንጨቱ ከደረቀ በኋላ በመላጊያ ይላጋል። ቀዳዳውና ስንጥቁ በስቱኮ ይደፈናል። ስቱኮውም ሲደርቅ የብርጭቆ ወረቀት ሥራ ይጀመራል። ይህ ስም የወጣለት፥ ቀድሞ የተፈጨ ብርጭቆ በወረቀት ላይ በኮላ ይለጠፍ ስለ ነበረ ነው። ዛሬ ግን በብዙው ላይ የሚለጠፈው ከብርጭቆ የጠነከረ ነገር ነው። በወረቀቱ ጀርባ ቁጥር ይጻፋል፤ ቁጥሩ ሲበዛ ቅንጣቱ ይደቅቃል። 80 ሻካራ ነው፤ 120 መካከለኛ ነው፤ 220 ደቃቅ ነው።

አሁን አንድ ምሳሌ እንናገር። አንድ አናጺ ሁለት ተማሪዎች ነበሩት። ሁለት ሙሽሮች የልብስ ሣጥን አዝዘውት ነበርና ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ አንድ ሣጥን ሰጥቶ «አለስልሳችሁ አቅልሙ» አላቸው።

የፊተኛው ተማሪ በ80 ቁጥር ወረቀት ጥቂት ፈገፈገ፤ እርሱንም የእንጨቱን መሥመር እያቋረጠ ነበር። ወዲያው ታከተውና ማቅለሚያውን አነሣ። ጓደኛው ጭረቱን ቢያሳየው «ተወው፤ ቀለሙ ይሸፍነዋል» አለ።

ሁለተኛው ግን ወረቀቱን በትንሽ ጠፍጣፋ እንጨት ላይ ጠቅልሎ፥ ዛፉ ሲያድግ የተዘረጋውን መሥመር እየተከተለ ፈገፈገ። ከ80 ወደ 120፥ ከ120 ወደ 180፥ ከዚያም ወደ 220 አለፈ፤ አንዱን እንኳ አልዘለለም፤ እያንዳንዱ ወረቀት የፊተኛውን ጭረት ያጠፋልና። የሣጥኑንም ጠርዝ ጥቂት አዶለዶመ፤ ከስለታም ጠርዝ ላይ ቀለም ይሸሻልና። ኋላም በርጥብ ጨርቅ ወለወለው። የእንጨቱ ጥቃቅን ጸጉር ቆመ፤ በደረቀ ጊዜም በደቃቁ ወረቀት በቀስታ አስተኛው። በመጨረሻ ትቢያውን በብሩሽና በደረቅ ጨርቅ ጠረገ። በዚህ ሁሉ ጊዜ አፍና አፍንጫውን በጨርቅ ሸፍኖ ነበር፤ የእንጨት ትቢያ ሳንባን ይጐዳልና።

በማግሥቱ ሁለቱ ሣጥኖች ጎን ለጎን ቆሙ። የሁለተኛው ሣጥን ቀለሙ አንድ ወጥ ሆኖ አማረ። በፊተኛው ላይ ግን ማቅለሚያው በጭረቱ ውስጥ ጠልቆ ገብቶ ነበርና፥ ትናንት በጭንቅ ይታይ የነበረው ጭረት ሁሉ ጠቍሮ ከደጅ ይታይ ነበር። ተማሪው አዝኖ «ጌታዬ፥ ቀለሙ አበላሸብኝ» አለ። አናጺውም «ልጄ፥ ቀለሙ አልበደለህም፤ ያገኘውን ተናገረ እንጂ» ብሎ መለሰለት።

ሣጥኑ እንደ ገና ተፍቆ እስኪሠራ ድረስ የሠርጉ ቀን አለፈ። ያችም ሙሽራ ልብሷን በነጠላ ጠቅልላ ወደ ባሏ ቤት ሄደች። ተማሪው ግማሽ ቀን አተርፋለሁ ብሎ አራት ቀን ከሠረ፤ የእርሱን ስንፍና ግን የከፈለችው እርሷ ናት።

ይህን ጥበብ የአገራችን የቀድሞ ሠዓልያን ያውቁት ነበር። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፥ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ከ1434 እስከ 1468 ባለው ጊዜ፥ ፍሬ ጽዮን የሚባል ስመ ጥር ሠዓሊ ነበረ። ስሙ የተጻፈበት የእንጨት ገበታ ሥዕል በጣና ሐይቅ ላይ ባለው በዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም ይታወቃል። በገበታ ላይ የሚሥሉ ሠዓልያን ገበታውን አለስልሰው፥ አስቀድመው ነጭ የጀሶ ልባስ ይቀቡት ነበር፤ ቀለማቸውንም የሚያኖሩት ከዚያ በኋላ ነው። ተመልካች የሚያየው ቀለሙን ብቻ ነው፤ ቀለሙን ከ500 ዓመት በላይ የያዘው ግን ከሥሩ ያለው የማይታየው ሥራ ነው።

ልጆች ሆይ፤ እናንተም ዛሬ ፊደል ስትቈጥሩ ሳንቃ እያለሰለሳችሁ ናችሁ። ሥራው ይሰለቻል፤ የሚያመሰግነውም ጥቂት ነው። ነገር ግን ፊደሉን ዘልሎ ወደ ንባብ የሮጠ ልጅ፥ መጽሐፍ በተሰጠው ቀን ጭረቱ በሰው ፊት ይታይበታል። በትዕግሥት ያጠና ግን የሚጨመርለትን ትምህርት ሁሉ በደስታ ይቀበላል።

ጥያቄ።
1. ርጥብ እንጨት ቢቀባ ምን ይሆናል?
2. የብርጭቆ ወረቀት ቁጥር ሲበዛ ወረቀቱ ይሻክራል ወይስ ይለሰልሳል?
3. የፊተኛው ተማሪ ስንፍና ማንን ጐዳ?