«ፓኒክ» ከየትኛው ቃል ጋር ይሄዳል?

ባለፈው ሴሚስተር አንዲት እህታችን ፈተና ላይ ልቧ በኃይል እየመታ፣ ትንፋሽ አጥሯት፣ የምትሞት መስሏት አቋርጣ ወጣች። ለመምህሯ በእንግሊዝኛ «አይ ፓኒክድ» ብላ ጻፈች፤ «የማይደነግጥ ማን አለ?» ተባለች። ሐኪም ባንሆንም፣ የደረሰባት «ፓኒክ አታክ» ይመስለናል። እሱን ስንናገር ግሱ «ሃቭ» ነው፦ «አይ ሃድ ኤ ፓኒክ አታክ»። በ«ሜክ» ወይም በ«ዱ» አይነገርም።

«አይ ፓኒክድ» ለተራ ድንጋጤ ይበቃል፤ ሲጻፍ ከ«ሲ» ቀጥሎ «ኬ» ይገባል (እኛም ብዙ ጊዜ እንረሳዋለን)። ደንግጠን አንድ ነገር ስናደርግ «ኢን ኤ ፓኒክ» እንላለን። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ ሎሚና ነጭ ሽንኩርት የተሻማንበት ደግሞ «ፓኒክ ባይንግ» ይባላል።